የአንዱ ሸክም፦ የፊልም ካስቲንግ፣ ዘር እና የይስሙላ ውክልና

በፊልም ካስቲንግ (ለሚናዎች ተዋናይ መምረጥ) ላይ የሚነሳው የዘር ክርክር ከላይ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አንዱ ወገን «ስክሪኑን የሞሉት ነጮች ብቻ ናቸው፣ ሌላው ሰው የት ሄደ?» ይላል። ሌላው ደግሞ «ሚና የሚሰጠው በችሎታ ነው፣ የቆዳ ቀለም መቁጠር ምን ይሉታል?» ብሎ ይመልሳል። በመሀል ሦስተኛ ቅሬታ አለ። ብዝኃነት ተብሎ የሚቀርበው ነገር ብዙ ጊዜ የይስሙላ ነው የሚል። አንድ ጥቁር ወይም እስያዊ ተዋናይ ይጨመራል፣ ፖስተሩ ላይ ይለጠፋል፣ ታሪኩ ውስጥ ግን ሥራ የለውም። ቶክኒዝም የሚባለው ይኸው ነው።

ጉዳዩ በየአገሩ ይነሳል፤ ዋናው መድረኩ ግን ሆሊውድ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«በችሎታ ይሰጥ» የሚለውን ሐሳብ ማንም አይጠላውም። ችግሩ ታሪክ አያግዘውም። የሆሊውድ ስቱዲዮዎች በ1930 ያጸደቁት፣ ከ1934 ጀምሮ ደግሞ አጥብቀው ያስከበሩት የሥነ ምግባር ደንብ ነበር። ከክልከላዎቹ አንዱ በነጭና በጥቁር መካከል የፆታ ግንኙነት እንዳይታይ የሚያግድ ነው። በጽሑፍ የሚጠቅሰው ነጭና ጥቁርን ቢሆንም በተግባር ለእስያውያንም ተርፏል። ደንቡ የተነሳው በ1968 ነው።

ጦሱ ማን ላይ እንዳረፈ ለማየት አና ሜይ ዎንግን ማንሳት ይበቃል። በ1905 ሎስ አንጀለስ የተወለደች፣ የዘር ሐረጓ ከቻይና የሚመዘዝ፣ በዘመኗ ከአሜሪካ አልፋ አውሮፓም የሚያውቃት ኮከብ ነበረች። ኤምጂኤም የተባለው ስቱዲዮ የቻይና ገበሬዎችን ሕይወት የሚተርከውን «ዘ ጉድ ኧርዝ» ሲያዘጋጅ የባልየው ሚና ለነጩ ፖል ሙኒ ተሰጠ። ባል ነጭ ከሆነ ሚስትም ነጭ መሆን አለባታ! ሚናው ለሉዊዝ ራይነር ሄደ። ራይነር በሜካፕ ቻይናዊ ሆና ተወነች፣ በ1937ቱ ፊልምም ኦስካር ወሰደች። ዎንግ ለዚያ ሚና ትበቃለች ወይስ አትበቃም የሚለው ጥያቄ ገና ሳይነሳ በሩ ተዘግቶ ነበር። ስለዚህ ዛሬ ቀለም መቁጠር አዲስ ፋሽን ነው የሚል ሰው ቢያንስ ይህን ታሪክ ቢያውቀው ጥሩ ነው። ሲቆጠር ነው የኖረው።

በሩ የተከፈተላቸውም ቢሆኑ የሚገቡት በጓሮ ነበር። ሃቲ ማክዳንኤል «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ላይ የቤት ሠራተኛ ሆና በመተወን በ1940 ኦስካር አገኘች፤ በጥቁር ተዋናይ የመጀመሪያው። ሽልማቱ የተሰጠበት ሆቴል ጥቁር አያስገባም ነበርና እሷ የገባችው በልመና ነው። የተቀመጠችውም ከፊልሙ ባልደረቦቿ ተለይታ ነው። በትወና ሁለተኛዋ ጥቁር ሴት ውፒ ጎልድበርግ እስክትሸለም 1991 ደርሷል።

አሁን ወደ ይስሙላው እንምጣ። እዚህ ላይ ከፊልም ዓለም ውጭ የመጣ አንድ ጥናት ነገሩን ከማንም በተሻለ ያብራራዋል ብዬ አምናለሁ። አሜሪካዊቷ የሶሲዮሎጂ ሊቅ ሮዛቤዝ ሞስ ካንተር በ1977 ባሳተመችው ሥራ በአንድ ትልቅ ኩባንያ ውስጥ በወንዶች መሀል ለብቻቸው የሚሠሩ ሴቶችን ተመልክታለች። የአንድ ወገን ሰዎች ከ15 በመቶ በታች ሲሆኑ ሦስት ነገር ይደርስባቸዋል ትላለች። ዓይን ሁሉ እነሱ ላይ ያርፋል። ከሌላው ጋር ያላቸው ልዩነት ይጋነናል። በመጨረሻም ሰው አስቀድሞ በጭንቅላቱ በያዘው ሥዕል ውስጥ እንዲገቡ ይገደዳሉ። ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ የሚሆነው የቀጠራቸው ሰው ቅን ቢሆንም ነው። ችግሩን የሚፈጥረው ብቻ መሆን ነው።

ይህን ይዘን ሲድኒ ፖይቲየርን እንይ። በ1964 የምርጥ ተዋናይ ኦስካር ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ወንድ ነው። ችሎታውን የሚጠራጠር አልነበረም። ግን በዚያ ከፍታ ላይ ብቻውን ስለነበር የሚሰጡት ገፀ ባህሪያት እንከን የለሽ ነበሩ፦ የተማሩ፣ ጨዋ፣ ትዕግሥተኛ። እንደ ነጭ ኮከቦች ሌባ፣ ውሸታም ወይም ሰነፍ ሆኖ የመታየት ነፃነት አልነበረውም። አንድ ጥፋት ቢሠራ ጥፋቱ የሁሉም ጥቁር ይሆናላ። በ1967 ደግሞ ጥቁሩ ጸሐፌ ተውኔት ክሊፎርድ ሜሰን ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ በጻፈው መጣጥፍ የነጭ አሜሪካ ፍቅር ለምን ፖይቲየር ላይ እንደበረታ ጠይቆ ክፉኛ ተቸው። ሰውዬው ከሁለቱም በኩል ተገረፈ። አሥር ፖይቲየሮች ቢኖሩ ግን አንዱ ቅዱስ፣ ሌላው ወንበዴ ይሆን ነበር፤ ማንም ጉዳዬ አይልም።

የዘመናችን ምሳሌ ጥቁሩ ተዋናይ ጆን ቦዬጋ ነው። በ2015ቱ የስታር ዋርስ ፊልም ማስታወቂያዎች ላይ ከፊት ተሰልፎ ነበር። በቀጣዮቹ ክፍሎች ገፀ ባህሪው እየደበዘዘ ሄደ። በ2020 ለጂኪው መጽሔት ሲናገር፣ ጥቁር ገፀ ባህሪን ከሚኖረው ቦታ በላይ አጋንኖ አስተዋውቆ ኋላ ገሸሽ ማድረግ ልክ እንዳልሆነ ለፊልሙ ባለቤት ለዲዝኒ መልእክት አስተላልፏል። ይስሙላን ለመለየት የእኔም መለኪያ ከዚህ አይርቅም። ገፀ ባህሪው የሚፈልገው የራሱ ነገር አለ? ቢወጣ ታሪኩ ይናጋል? መልሱ አይደለም ከሆነ፣ ያ ሰው የገባው ለቁጥር ማሟያ ነው።

ቀለም ሳያዩ መመልመልስ? ዝነኛው ምሳሌ በ1968 የወጣው አስፈሪ ፊልም «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ» ነው። ስክሪፕቱ ዋናው ገፀ ባህሪ ጥቁር ነው አይልም። ዳይሬክተሩ ጆርጅ ሮሜሮ ጥቁሩን ዱዌን ጆንስን የመረጠው ኦዲሽን (የትወና ፈተና) ላይ ከሁሉም ስለበለጠ እንደሆነ ተናግሯል። ግን ነገሩ በዚህ አላበቃም። በፊልሙ መጨረሻ ጀግናው ሌሊቱን ሙሉ ተነስተው ሰው ከሚበሉ ሙታን ተርፎ፣ ሲነጋ የታጠቁ ነጮች ከሙታኑ አንዱ መስሏቸው ይገድሉታል። ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደለበት ዓመት ይህን ያየ ተመልካች ቀለም አላየሁም ሊል አይችልም። መራጩ ዓይኑን ቢጨፍንም ተመልካቹ አይጨፍንም።

ጸሐፌ ተውኔት ኦገስት ዊልሰን በ1996 ባደረገው ንግግር ዘርን የማያይ ምልመላን አጥብቆ የተቃወመው ከዚሁ ጋር በሚቀራረብ ምክንያት ነው። ለነጭ የተጻፈ ተውኔት ውስጥ ጥቁር ማስገባት ማንነቱን እንደ መካድ ነው፤ የሚያስፈልገው የጥቁሮች የራሳቸው መድረክ ነው አለ። እኔ እስከዚያ ድረስ አልሄድም። እሱን ብንከተል ጆንስ ያንን ሚና አያገኝም ነበር። ቢሆንም ዊልሰን የነካው ቁም ነገር፣ ሰው ተለውጦ ታሪኩ እንዳለ ሲቀር ምን ተለወጠ የሚለው፣ ዛሬም መልስ አላገኘም።

ክርክሩ ወደ ደንብ የተለወጠው ከኦስካር ውዝግብ በኋላ ነው። በ2015 ለትወና ሽልማት የታጩት 20 ሰዎች በሙሉ ነጮች ሆኑ። ኤፕሪል ሬይን የተባለች ጸሐፊ ትዊተር ላይ የጀመረችው «ኦስካርስ ሶ ኋይት» የሚል ሃሽታግ ዓለምን አዳረሰ። በ2016ም እጩዎቹ ያው ሆኑ። ኦስካርን የሚሰጠው አካዳሚ መጀመሪያ የአባላቱን ስብጥር ለመለወጥ ቃል ገባ። ከ2024ቱ ሽልማት ጀምሮ ደግሞ ለምርጥ ፊልም የሚወዳደር ሥራ ከአራት የብዝኃነት መስፈርቶች ሁለቱን ማሟላት አለበት፦ ስክሪን ላይ የሚታየው፣ ከካሜራ ጀርባ ያለው ቡድን፣ የሥልጠናና የሥራ ልምምድ ዕድል፣ እንዲሁም የገበያና የስርጭት ሠራተኞች።

ተዋናዩ ሪቻርድ ድራይፈስ በ2023 ደንቡ እንደሚያቅለሸልሸው በይፋ ተናግሯል። ኮታ ነው ብለው የተቆጡ ሌሎችም አሉ። ግን ደንቡን ላነበበው ይህን ያህል አያስፈራም። ተዋናዮቹ በሙሉ ነጮች የሆኑበት ፊልም በሌሎቹ መስፈርቶች ሊያልፍ ይችላል። ይልቅ የሚያሳስበው ሌላው ጫፍ ነው። ስቱዲዮ ሳጥኖቹ ላይ ምልክት አድርጎ እጁን የሚታጠብበት ወረቀት እንዳይሆን።

የድሮ ታሪኮችን በአዲስ ቀለም መሥራት ሌላው የጭቅጭቅ ምንጭ ነው። ጥቁሯ ሃሊ ቤይሊ ለ«ዘ ሊትል መርሜይድ» በ2019 ስትመረጥ የተነሳው ጫጫታ ፊልሙ በ2023 እስኪወጣም አልበረደም። ከጫጫታው ግማሹ ጥላቻ ነበር። ነገር ግን በደህና ልብ የሚነሳ ጥያቄም አለ፦ ስቱዲዮዎች የታወቀ ስም ላይ ፊት መለወጥን የሚመርጡት፣ አዲስ ታሪክ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ስለሚፈሩ አይደለም ወይ? «ብላክ ፓንተር» በ2018 ከ1.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲያስገባ፣ ዳይሬክተሩም፣ ጸሐፊዎቹም፣ አብዛኞቹ ተዋናዮችም ጥቁሮች ነበሩ። እዚያ ፊልም ውስጥ ጀግናም፣ ባላንጣም፣ ቀልደኛም፣ ከዳተኛም አለ። ማንም ብቻውን ዘሩን ተሸክሞ አልቆመም።

ብዙው ነገር የሚወሰነው ተዋናይ ሳይጠራ፣ የሚናዎች መግለጫ ለኤጀንቶች (ለተዋናዮች ወኪሎች) ሲላክ ነው። ዘር ካልተጻፈ ነጭ ማለት ነው ተብሎ የመነበብ ልማድ ለዓመታት ነበር። ተዋናይቷ ፍራንሲስ ማክዶርማንድ በ2018 ኦስካሯን ስትቀበል ያነሳችው «ኢንክሉዥን ራይደር» የሚባለው የውል አንቀጽ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ትልቅ ስም ያለው ተዋናይ፣ ትንንሾቹ ሚናዎች ታሪኩ የሚካሄድበትን ኅብረተሰብ እንዲመስሉ በውሉ ይጠይቃል። አካዳሚው ደግሞ የካስቲንግ ዳይሬክተሮችን በራሳቸው ዘርፍ ለመሸለም የወሰነው ገና በ2024 ነው፤ ሽልማቱ የሚሰጠው ከ2025 ፊልሞች ጀምሮ ነው።