ከጉንጭ ውስጥ የተወሰደ ሽፋን፦ ስለ ወንዶች የሽንት ቧንቧ መጥበብ የሚባለውና እውነታው

ታላቅ ወንድሜ ግንባታ ላይ ሲሠራ ከመወጣጫው ተንሸራቶ አግዳሚ እንጨት ላይ እግሩን አንፈራጥጦ ወደቀ። ብዙም አልደማም። ከወራት በኋላ ግን ሽንቱ እየቀጠነ ሄደ፤ ሌሊት መጸዳጃ ቤት ገብቶ ሲያምጥ እሰማው ነበር። ለማንም ትንፍሽ አላለም። አፉን ያዘጉትን አባባሎች አንድ በአንድ አነሣለሁ።

«የአባላዘር በሽታ ነው።»
ያልታከመ ጨብጥ ቧንቧውን ሊያጠበው እንደሚችል እውነት ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው መውደቅ፣ የመኪና አደጋ የሚያደርሰው የዳሌ ስብራት፣ በሕክምና ጊዜ የገባ ካቴተርም (ሽንት የሚያወጣ ቱቦ) ያጠብቡታል። ምክንያቱ ጨርሶ የማይታወቅበትም ጊዜ አለ። ሕመምተኛውን በክፉ ዓይን ማየት ግፍ ነው።

«ፕሮስቴት ነው።»
ፕሮስቴት፣ ማለትም ከፊኛ በታች የሽንት ቧንቧውን የከበበው የወንዶች ዕጢ፣ የሚያስቸግረው በአብዛኛው ከ50 ዓመት በኋላ ነው። የ25 ዓመት ወጣት ሽንቱ ከቀጠነ ወይም ለሁለት ከተከፈለ፣ በቧንቧው ቀለም ተሰጥቶ ራጅ መነሣት አለበት። ያ ራጅ ጥበቱ የት እንደሆነና ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሚረዝም ያሳያል።

«ተልባ ይከፍተዋል፤ ውሃም መቀነስ ነው።»
የጠበበው ቦታ ጠባሳ ነው፤ ጠባሳ በመጠጥ አይሟሟም። ውሃ መቀነስ ደግሞ ለኢንፌክሽንና ለጠጠር ያጋልጣል።

«በየጊዜው ማስፋት ይበቃል።»
እኛን ብዙ ጊዜ ያስከፈለን ይህ ነው። ወንድሜን 3 ጊዜ አሰፉት፤ እያንዳንዱ ጥቂት ወራት ብቻ አገለገለው። አጭር ለሆነና ለመጀመሪያ ጊዜ ለታከመ ጥበት ማስፋት ወይም በመሣሪያ ከውስጥ መሰንጠቅ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ሲደጋገም ግን አዲስ ጠባሳ በአሮጌው ላይ ይጨመራል፤ ዘላቂ ውጤት የማግኘት ተስፋም እየመነመነ ይሄዳል። ከ2 ሴንቲ ሜትር ያነሰ፣ በቆለጥና በፊንጢጣ መካከል ባለው የቧንቧ ክፍል ላይ ያለ ጥበት ጠባሳው ተቆርጦ ወጥቶ ሁለቱ ጫፎች ሲሰፉ፣ ከ100 ሰዎች ከ90 በላይ ይድናሉ። ለረዥሙ ሌላ ዘዴ አለ፦ ከጉንጭ ውስጥ ሽፋን ተወስዶ በጠበበው ቦታ ላይ ይሰፋል።

«ከአፍ የተወሰደ እዚያ አይይዝም።»
እናታችን ይህን ስትሰማ አማትባለች። ነገር ግን የጉንጭ የውስጥ ሽፋን ፀጉር የለውም፣ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ ወፍራምና ጠንካራ ነው፤ ለሽንት ቧንቧ የተሠራ ይመስላል። በ1894 እ.ኤ.አ. ሳፔዥኮ የተባለ የኪየቭ ቀዶ ሐኪም ሞክሮታል፤ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ደግሞ በዓለም ዙሪያ የተለመደ ሆኗል። ወንድሜም በዚህ ዘዴ ከታከመ በኋላ ለጥቂት ቀናት አጥሚትና ቀዝቃዛ ወተት ብቻ ጠጣ። በሁለተኛው ሳምንት በርበሬ የሌለው አልጫ ሽሮ በእንጀራ በላ። ጉንጩ ለጊዜው ወጠር ይል ነበር እንጂ ንግግሩ አልተለወጠም።

«ወንድነቱን ያጣል።»
ወንዶችን ከሐኪም ደጅ የሚያስቀራቸው ፍርሃት ይህ ነው። እውነቱን ለመናገር አንዳንዶች ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የብልት መቆም ይቀንስባቸዋል፤ አብዛኞቹ ግን በወራት ውስጥ ይመለስላቸዋል። የዳሌ ስብራት ባለበት ሰው፣ ነርቭና የደም ሥር የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ በአደጋው ራሱ ነው፤ ቢላዋው ሳይነካው። ቀድሞ የነበረውን ሁኔታ ሳያፍሩ ለሐኪሙ መንገር፣ በኋላ ጥፋቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅም ይረዳል።

«ሆዱ ላይ ቱቦ የተደረገለት ዕድሜውን ከነከረጢቱ ነው።»
ከዳሌ ስብራት በኋላ ከእምብርት በታች ወደ ፊኛ የሚገባው ሽንት ማስወጫ ቱቦ ማሻገሪያ ነው። ደሙና እብጠቱ እስኪረጋ 3 ወር ያህል ተጠብቆ ቧንቧው ይጠገናል።

«አንዴ ከተሠራ አለቀ።»
ካቴተሩ በአብዛኛው 2 ወይም 3 ሳምንት ይቆያል፤ ስፌቱ እንደማያፈስ በራጅ ታይቶ ይወጣል። ከዚያም የሽንቱ ፍጥነት በየጊዜው ይለካል፤ ጥበት ሊመለስ ይችላልና። ሽንቱ ዳግም ከቀጠነ፣ ሳይውል ሳያድር የቀድሞውን ራጅ ይዞ ወደ ሠራው ሐኪም መመለስ ነው።