«መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን ልጨርስ» ለምትሉኝ

ድሬዳዋ ውስጥ የነጋዴዎችን ሒሳብ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ከቁጥሩ ይልቅ የሰለቸኝ ሰዎች ስለ ዕለት ሥራቸው ዝርዝር የሚሉኝ ነገር ነው። ደንበኛው ይለዋል፤ ለልምምድ የመጣው ተማሪም ይደግመዋል። ሐምሌ ገብቶ የበጀት ዓመቱ ሒሳብ ሲዘጋማ ሁሉም በአንድ አፍ ይናገራል።

«መጻፍ አያስፈልገኝም፤ ሁሉም ጭንቅላቴ ውስጥ ነው።» እንዲህ የሚሉኝ ሰዎች ቢሮዬ ሁለት ጊዜ ይመጣሉ፤ አንዴ ለጉዳያቸው፣ አንዴ ለረሱት ደረሰኝ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ብሉማ ዛይጋርኒክ በ1927 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ያልተጠናቀቀ ሥራ ከተጠናቀቀው ይበልጥ እንደሚታወስ ጽፋለች። በኋላ የተደረጉ ሙከራዎች ግን ሁልጊዜ ይህንኑ አላገኙም። ደግሞስ ቢታወስ መቼ ነው የሚታወሰው? ሌሊት፣ ሙቀቱ እንቅልፍ ሲነሳችሁ፣ ባንኩም መዝገቡም ተዘግቶ ሳለ።

«ስልኬ ላይ ከሞላሁት አይረሳም።» ስልኩማ አይረሳም። አንድ ደንበኛዬ ከቀኑ 8 ሰዓት ለነበረው ቀጠሮ 8:00 ብሎ ሞላ። ስልኩ በፈረንጅ ሰዓት የሚሠራ ስለነበር ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ጮኸ። ሰውየው «ተሳስቷል» ብሎ ዘጋውና ከሰዓት በኋላ ቀረ። መሙላት የነበረበት 14:00 ነው።

«ይህቺ የግማሽ ቀን ሥራ ናት።» አይደለችም። በ1994 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በአማካይ በ34 ቀን ገደማ እንደሚጨርሱ ገምተው 55 ቀን ገደማ ፈጅቶባቸዋል። ባለፈው ጊዜ ስንት ቀን እንደወሰደባችሁ አስታውሱና ያንን ጻፉ።

«ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ እሠራለሁ።» ስልክ እያናገራችሁ የደመራችሁትን ገጽ የማርመው እኔ ነኝ።

ከሁሉም የሚያበሽቀኝ ግን «መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን ልጨርስና በሰላም ወደ ከባዱ እገባለሁ» የሚለው ነው። ልምምድ የሚመጡ ልጆች ጠዋት ዝርዝራቸውን ያሳዩኛል፤ አሥራ ሁለት ነገር ተጽፎበታል። ፎቶ ኮፒ ይደረጋል፣ ፋይል ይደረደራል፣ ለመልእክት መልስ ይሰጣል፣ ማኅተም ይመታል። እስከ 5 ሰዓት አሥራ አንዱ ላይ ምልክት ይደረግና ልጁ ደስ ይለዋል። የቀረው አንድ ብቻ ነው፤ የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ፣ ማለትም የባንኩን መግለጫ ከመዝገቡ ጋር ማመሳከር። የቀኑ ሥራ እሱ ነበር!

እዚህ ከተማ ደግሞ 6 ሰዓት ማለት ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። የከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ እንኳን አያስጥልም፤ ሱቁ በሩን ገርበብ ያደርጋል፤ ሰው ወደ ቤቱ ይገባል። አንድ ሰዓት ያህል በመኪና ሽቅብ ተጉዛችሁ ሐረር ብትሠሩ ከሰዓት በኋላውም ቀን ሊሆንላችሁ ይችላል። ድሬ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር አካባቢ ላይ ነው የተቀመጠችው። ጭንቅላት የሚሠራባቸውን ቀዝቃዛ የጠዋት ሰዓቶች ለፎቶ ኮፒ ሰጥታችሁ ሒሳብ ማስታረቁን ለሙቀቱ ትተዉታላችሁ።

እኔም አድርጌዋለሁ። የአንድ ነጋዴ ወርኃዊ ግብር የሚያሳውቅበት የመጨረሻው ቀን ነበር። ጠዋቱን በጥቃቅን ነገር አሳለፍኩና ከሰዓት በኋላ ስቀመጥ ኔትወርኩ ጠፋ። እስኪመለስ ቀኑ አለፈ። ቅጣቱን ከኪሴ ከፈልኩ፤ ጥፋቱ የኔ እንጂ የኔትወርኩ አልነበረም፤ ጠዋት ሲሠራ ነበርና።

ይህን ስናገር አንድ ደንበኛዬ «እህቴ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለኝ። ተረቱ ስለ አንድ እንቁላል ነው፤ አሥራ ሁለት እንቁላል ተሸክሞ ስለሚሮጥ ሰው አይናገርም።

እንግዲህ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ለነገ አንድ ሥራ ምረጡ። የምትመርጡት «ነገ ካልተሠራ ማን ይጎዳል?» ብላችሁ ነው። «ሒሳብ» ብላችሁ አትጻፉ፤ «የግንቦትን የባንክ መግለጫ ከሽያጭ መዝገቡ ጋር ማመሳከር» በሉ፤ ጠዋት ስትቀመጡ እጃችሁ ከየት እንደሚጀምር ይወቀው። ጥቃቅኑን ሰብስባችሁ ለ10 ሰዓት አቆዩት፤ ሻይ እየጠጣችሁ ትጨርሱታላችሁ።

ከከባዱ ሥራ የሚቀድም ትንሽ ነገር አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው የሚጠብቀው። ደረሰኝ የጎደለው ነጋዴ ካለ መጀመሪያ ደውሉለት፤ እናንተ ስትሠሩ እሱ ይፈልግ።

በቅርቡ ከልምምድ ተማሪዎቼ አንዷ እንዲሁ አደረገች። ጠዋት ደወለች፣ ተቀመጠች፣ 5 ሰዓት ሳይሞላ ማስታረቂያውን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች። ከዚያ አንገቷን ደፍታ «እትዬ፣ ፎቶ ኮፒው ግን አልተደረገም» አለችኝ።

ፎቶ ኮፒ ቤቱ እስከ ማታ ክፍት ነው።