«እነሱ ለምደውታል»፦ ስለ አደጋ ጊዜ ሠራተኞች የምንሳሳታቸው ነገሮች

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ተንሸራቶ ሰው ቀበረ። ጎረቤቱ፣ ፖሊሱ፣ መምህሩ፣ የጤና ባለሙያው ሊያወጣ ደረሰ። እየቆፈሩ ሳለ ተራራው እንደገና ተናደና የመጡትንም ቀበራቸው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። የተረፉት በአካፋና በባዶ እጅ መቆፈራቸውን ቀጠሉ። ብዙዎቹ የሚፈልጉት የገዛ ዘመዳቸውን ነበር።

ስለ እንዲህ ዓይነት ሰዎች፣ ስለ አምቡላንስና ስለ እሳት አደጋ ሠራተኞችም፣ ብዙ የተሳሳተ ነገር እናወራለን።

«እነሱ ለምደውታል»

ሙያው ይለመዳል። ቃሬዛ መያዝ፣ ደም ማቆም፣ ጭስ ውስጥ መግባት በልምምድ ይመጣል። የሕፃን ሬሳ ግን አይለመድም። የተጎዳ ሰው ደግሞ የግድ አያለቅስም። ተረኛ ክፍሉን በሳቅ ይሞላ የነበረው ልጅ «እሺ፣ በቃ» ብቻ ማለት ይጀምራል። የታካሚ ቤተሰብ ላይ ይጮኻል። ስልክ በጠራ ቁጥር ይደነግጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በሥራ መዛልን ሲያብራራ ሦስት ነገር ጠቅሷል፦ ኃይል ማለቅ፣ ሥራን መጥላት ወይም ከሥራው በልብ መራቅ፣ እንዲሁም ውጤታማነት መቀነስ። ሁለተኛውን ብዙ አለቃ «ጠባዩ ተበላሸ» ብሎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጽፍበታል።

«ሰው እየሞተ እረፍት?»

ይህ ከልብ ስለሚባል መልስ መስጠት ይከብዳል። ግን 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ በጥናት ታይቷል። ለጠጣ ሹፌር የአምቡላንስ ቁልፍ ማን ይሰጣል? እረፍት በፈቃድ ከሆነ ደግሞ የሚወስደው የለም፤ ቀድሞ «እኔ ልሂድ» ማለት ያሳፍራል። ስለዚህ አስተባባሪው ስም ጠርቶ «አንተ ሂድ ተኛ፤ ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ትመጣለህ» ማለት አለበት። ራሱም ይተኛ። አለቃው ሦስት ሌሊት ቆሞ እያደረ ማን ደፍሮ ጋደም ይላል?

«ያየውን ሁሉ ይናገርና ይውጣለት»

እዚህ ላይ ባለሙያዎቹም ተሳስተው ነበር። በ1983 እ.ኤ.አ. ጄፍሪ ሚቼል የተባለ አሜሪካዊ ሠራተኞች ከአደጋ በኋላ ወዲያው ተሰብስበው ያዩትንና የተሰማቸውን በዝርዝር የሚናገሩበት ዘዴ አቀረበ። ዘዴው በየአገሩ ተስፋፋ። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮክሬን ግምገማ (ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የሚመዝን ነው) ግን ሰውን ለአንድ ጊዜ አስቀምጦ እንዲህ ማናገር በኋላ የሚመጣውን የአእምሮ ጉዳት እንደማይከላከል፣ አንዳንዱንም ሊያባብሰው እንደሚችል አሳየ። አሁን የሚመከረው ሥነ ልቦናዊ የመጀመሪያ እርዳታ ነው፤ አጠገቡ መሆን፣ የጎደለውን መጠየቅ፣ ከቤተሰቡ ማገናኘት፣ ማውራት ከፈለገ መስማት። እኛ አገር ለቅሶ ደራሽ ገብቶ «ሬሳው ምን ይመስል ነበር?» አይልም። ቁጭ ይላል፣ እህል ያቀምሳል። ነገሩ ወደዚያ ይጠጋል።

ይህ ማለት ዝም ይባል ማለት አይደለም። ከተረኛ ሲወጡ ሻይ ይዞ አሥር ደቂቃ መቀመጥ፣ «ዛሬ ቤት ማን ይጠብቅሃል?» ማለት፣ በማግስቱ መደወል ጥሩ ነው። ዝርዝሩን መጎልጎል ነው የሚከፋው።

«አንድ ሁለት ቢል ይረሳዋል»

አልኮል ቶሎ ያስተኛል፣ ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል። ጫት የባሰ ያነቃል። ከጓደኛ ላይ የእንቅልፍ ኪኒን መዋስም ይቅር። የዓለም ጤና ድርጅት ከአስደንጋጭ አደጋ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር እንደ ዳያዜፓም ያሉ የሚያረጋጉና የሚያስተኙ መድኃኒቶች ለጭንቀቱም ሆነ ለእንቅልፍ ማጣቱ እንዳይሰጡ ይመክራል።

«የሚያደክማቸው ሬሳ ማየቱ ነው»

ከፊሉ ነው። ሌላው ያልተከፈለ አበል ነው። ያለቀ ጓንት ነው። ሳይረን እየሰማ መንገድ የማይለቅ መኪና ነው። ደርሰው ገና በሩን ሳይከፍቱ «አሁን ነው የምትመጡት?» መባል ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም መዛሉን የሚያይዘው በአግባቡ መላ ካልተበጀለት ሥር የሰደደ የሥራ ቦታ ጭንቀት ጋር ነው። የአንድ ቀን «ጭንቀትን የመቋቋም» ሥልጠና ሰጥቶ፣ ሻይና ኩኪስ አቅርቦ፣ ፎቶ ተነስቶ መለያየት ይህን አይነካውም። የፈረቃ ሠሌዳ ቀድሞ ማሳወቅና አበልን በጊዜው መክፈል ይነካዋል።

«ሐኪም ጋር የሚሄደው ያበደ ነው»

ከከባድ አደጋ በኋላ መባነን፣ መነጫነጭ፣ ምግብ መጥላት የብዙ ሰው ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። ከወር በላይ ከቆየ፣ ወይም ሥራና ትዳር ማናጋት ከጀመረ፣ የአእምሮ ሕክምና ያለው ሆስፒታል መሄድ ነው። እንደ ጎፋው አካፋ ይዞ የሮጠው የሰፈር ሰው ግን ስሙ በየትኛውም መሥሪያ ቤት ዝርዝር ላይ ስለሌለ የሚደውልለት የለም። እሱን የሚያየው ጎረቤትና ዕድር ነው። ራስን ስለማጥፋት የሚያወራ ካለ ወር አይጠበቅም፤ ብቻውን ሳይተው በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይወሰዳል።