ሳርኮዚዝም ሲባል ምን ማለት ነው?

ሳርኮዚዝም እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2012 ፈረንሳይን የመሩት የኒኮላ ሳርኮዚ የፖለቲካ አስተሳሰብ ነው። ብዙ ሰው ከጎሊዝም፣ ማለትም ከቀድሞው ፕሬዚዳንት ሻርል ደ ጎል አስተሳሰብ ጋር ይቀላቅለዋል፤ ሁለቱም ከአንድ የቀኝ ክንፍ ስለወጡ አይገርምም። ልዩነታቸው ግን ቁልጭ ያለ ነው፦ ደ ጎል በ1966 ፈረንሳይን ከኔቶ የጋራ ወታደራዊ ዕዝ አስወጡ፣ ሳርኮዚ በ2009 መለሷት።

«ሳርኮዚ የ35 ሰዓቱን የሥራ ሳምንት ሰረዙ» የሚባለውም ስህተት ነው። ሕጋዊው የ35 ሰዓት ሳምንት አልተነሳም፤ የተነካው በዋናነት ከ35 በላይ ያለው ሰዓት ነው። በሰዓት 10 ዩሮ የሚከፈለው ሠራተኛ በሳምንት 39 ሰዓት ቢሠራ 4ቱ ትርፍ ሰዓት ናቸው። በተለመደው የ25 በመቶ ጭማሪ እያንዳንዱ 12.50፣ በድምሩ 50 ዩሮ ያስገኛል። የ2007ቱ ሕግ ይህን 50 ዩሮ ከገቢ ግብር ነጻ አደረገው፤ የሠራተኛውን የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮም አቃለለ። «የበለጠ ሠርቶ የበለጠ ማግኘት» የተባለው መፈክር በደመወዝ ወረቀት ላይ ይህ ነበር። ደካማ ጎኑ የታየው በ2008ቱ የዓለም የገንዘብ ቀውስ ነው፦ ሥራ ሲጠፋ፣ አዲስ ሰው ከመቅጠር ይልቅ ያለውን ማሠራት ለአሠሪው ይቀለዋል። በ2012 የተተኪያቸው የፍራንሷ ኦላንድ መንግሥት የግብር ነጻነቱን አነሳ።

ሳርኮዚ ንጹሕ የገበያ ሊበራል፣ ማለትም መንግሥት በገበያ ጣልቃ አይግባ ባይ ናቸው ማለትም አያስኬድም። በ2004 የገንዘብ ሚኒስትር ሳሉ አልስቶም የተባለውን ኩባንያ መንግሥት ድርሻ ገዝቶ እንዲያድነው አድርገዋል። በሌላ በኩል ጡረታ መውጫን በ2010 ከ60 ወደ 62 ዓመት ያሳደጉትም እሳቸው ናቸው። በስደተኞችና በጸጥታ ጉዳይ ያጠበቁት ቋንቋ ደግሞ ብሔራዊ ግንባር የተባለውን የጽንፈኛ ቀኝ ፓርቲ መራጮች ወደ ራሳቸው ለመሳብ ነበር።