ቪዳሊያ፦ የጆርጂያው ጣፋጭ ሽንኩርት

ቪዳሊያ አሜሪካ፣ ጆርጂያ ስቴት፣ በዚሁ ስም በምትጠራ ትንሽ ከተማ ዙሪያ የሚበቅል ሽንኩርት ነው፣ ጠፍጠፍ ያለ፣ ልጣጩ ቢጫ፣ ውስጡ ነጭና ውሃ የበዛበት። ታሪኩ የሚነሳው ከ1931 እ.ኤ.አ. ነው፣ ሞስ ኮልማን የሚባል ገበሬ የተከለው ሽንኩርት ሳያቃጥል ጣፍጦ አገኘው፣ መጀመሪያ የሚገዛው ቢያጣም በኋላ 50 ፓውንዱን ከረጢት በ3 ዶላር ተኩል ሸጠው፣ ለዚያ የኢኮኖሚ ችግር ዘመን ደህና ብር ነው።

ሚስጥሩ አፈሩ ነው። ሽንኩርት የሚያቃጥለውም አይን የሚያስለቅሰውም ከአፈር በሚስበው ሰልፈር (ድኝ) ነው፣ የዛ አካባቢ መሬት ደግሞ አሸዋማ ስለሆነ ዝናቡ ሰልፈሩን አጥቦ ይወስደዋል። ብዙ ሰው ስኳሩ ከሌላው ስለሚበልጥ ይመስለዋል፣ አይደለም፣ የሚያቃጥለው ነገር ስላነሰ ስኳሩ ምላስ ላይ ጎልቶ ወጣ እንጂ። ሌላ ቦታ የበቀለውን በስሙ የሚሸጥ ስለበዛ በ1986 እ.ኤ.አ. የስቴቱ ምክር ቤት ህግ አወጣ፣ አሁን ቪዳሊያ ተብሎ የሚሸጠው ከ20 የጆርጂያ ካውንቲዎች (ወረዳ እንደማለት ነው፣ ከአንዳንዶቹ በከፊል) የመጣው ብቻ ነው። ችግኙ ህዳርና ታህሳስ ላይ በእጅ ይተከላል፣ ከሚያዝያ ጀምሮ ይሰበሰባል፣ ምርጡ ጊዜም ያኔ ነው።

እንደኔ ጥሬውን መብላት ነው ትክክለኛው። ለቲማቲም ሰላጣ፣ ለሀምበርገር፣ በተለይ ደግሞ ለስንግ ግሩም ነው፣ ቃሪያው ራሱ ስለሚያቃጥል ውስጡ የሚገባው ሽንኩርት ጣፋጭ ሲሆን ያምራል። ኦቭን ውስጥም ቆንጆ ነው፣ መሃሉን ትንሽ ቦርቡሮ ቅቤና ጨው ጨምሮ በፎይል ጠቅልሎ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ አንድ ሰዓት ያህል እስኪለሰልስ መተው ነው።

ለዶሮ ወጥ ግን አልመክርም። አትላንታ ያለ ሀበሻ እንደልቡ ያገኘዋል፣ ግን ውሃው ስለሚበዛ ቁሌቱ ቶሎ አይመጥም፣ ሲበስል ደግሞ ያ የሚያቃጥለው ቀዩ ሽንኩርትም ማቃጠሉን ትቶ ስለሚጣፍጥ ተጨማሪ ብር የከፈልክበት ነገር ድስት ውስጥ ይጠፋል። ሌላ ከሌለ ከቀዩ ጋር ቀላቅሎ ዘይት ሳይገባ ውሃው እስኪመጥ ድረስ በደንብ ማብሰል ይሻላል።

ውሃው ስለሚበዛ ቶሎም ይበላሻል፣ እንደ ሌላው ሽንኩርት በከረጢት ከምሮ ማስቀመጥ አይሆንም። አንድ በአንድ በወረቀት ጠቅልሎ ፍሪጅ ውስጥ አትክልት መያዣው ጋ ማድረግ፣ ከድንች ጋር አለማቀላቀል።