ፈረስ ላይ “መቀመጫ” ምንድን ነው? ከፍርሃትስ ጋር ምን አገናኘው?

ፈረስ ላይ መውጣት ያን ያህል ከባድ አይደለም። አንዱ ፈረሱን ይይዛል፣ ሌላው ይደግፋችኋል፣ እግር እርካብ ላይ፣ አለቀ። ጉዱ ያለው ከወጡ በኋላ ነው። ባሕር ዳር ያደገ፣ ከብስክሌትና ከባጃጅ ሌላ የማያውቅ ሰው ለጥምቀት ወይም ለሠርግ መራዊ ወይም ዳንግላ ዘመድ ጋ ይሄዳል። የተጫነ ፈረስ ይቀርብለታል። ሰፈሩ በሙሉ ያያል። እምቢ ማለት ያሳፍራል፤ ስለዚህ ይወጣል። ወዲያው ጉልበቱ ኮርቻውን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ትከሻው ወደ ላይ ይሰቀላል። ትንፋሹ ይቆማል። ከታች “አይዞህ፣ አትፍራ!” ይሉታል። እንዴት እንደማይፈራ ግን የሚነግረው የለም።

እኔ “አትፍራ” የሚለውን ምክር አልወደውም። ሰው በትእዛዝ ፍርሃቱን አይተውም። የሚሠራው ሌላ መንገድ ነው፤ እሱም መቀመጫን መማር።

በግልቢያ ትምህርት መቀመጫ የሚባለው በእጅ ሳይንጠለጠሉ፣ በእግር ሳይጨብጡ፣ በዳሌና በወገብ የፈረሱን እንቅስቃሴ ተከትሎ ሚዛን መጠበቅ ነው። መለኪያው ግልጽ ነው። ዛቡን (ከልጓሙ ወደ እጃችሁ የሚመጣውን ጠፍር) ቢቀበሏችሁ፣ እርካቡንም ቢያነሱባችሁ፣ ፈረሱ እየተራመደ ላዩ ላይ ተረጋግታችሁ ትቆያላችሁ? ከቆያችሁ መቀመጫ አላችሁ ማለት ነው። እጅና እግር የሚፈለጉት ለሌላ ሥራ ነው። እጅ በዛቡ በኩል አቅጣጫ ይናገራል፣ እግር ደግሞ ሂድ ይላል። እጃችሁ ላለመውደቅ ዛቡ ላይ ከተንጠለጠለ ግን ፈረሱ የሚሰማው ንግግር ሳይሆን አፉ ውስጥ ያለውን ብረት የሚጎትት ክብደት ብቻ ነው።

መቀመጫ ሲደላደል ስሜት የሚባለው ነገር ይመጣል። ስሜት ያለው ጋላቢ ወደ ታች ሳያይ የትኛው የፈረሱ እግር መሬት እንደረገጠ ያውቃል። ፈረሱ ሊደነብር ሲል ከመደንበሩ በፊት ወገቡ ሲገተር ይሰማዋል። ይህ ተሰጥኦ ነው የሚሉ አሉ። በከፊል እውነት ሊሆን ይችላል፤ የበለጠው ክፍል ግን የሚለመድ ነው፤ ወደ አለማመዱ እመጣለሁ።

ጣና ዳር ላደገ ሰው ነገሩን በታንኳ ማስረዳት ይቀላል። ከደንገል በተሠራ ታንኳ ላይ የተቀመጠ ሰው ውኃው ባወዛወዘው ቁጥር ግትር ብሎ ሊቋቋም ከሞከረ ታንኳውን ራሱ ያናውጠዋል። የለመደው ቀዛፊ ግን ከወገቡ በታች ለውኃው ይለቃል፣ ከወገቡ በላይ ቀጥ ይላል። ፈረስ ላይም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ ታንኳ አይፈራም፤ ፈረስ ይፈራል።

ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ፈረስ በተፈጥሮው የሚታደን እንስሳ ነው። መከላከያው መሮጥ ነው። ዓይኖቹ በጭንቅላቱ ጎንና ጎን ስለሆኑ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ የማያየው ግንባሩ ፊት ለፊት ያለውን ትንሽ ቦታና በቀጥታ ከኋላው ያለውን ነው። ቆዳው ደግሞ አንዲት ዝንብ ስታርፍበት ያውቃል፤ ያንን ቦታ ብቻ ነጥሎ ያንቀጠቅጠዋል። ዝንብን የሚያውቅ ቆዳ የእናንተን የታፈነ ትንፋሽና የጠበቀ ጭን አያውቅም ብላችሁ አታስቡ። ፈረሱ የምትፈሩት እሱን መሆኑን አይረዳም። የሚረዳው ላዩ ላይ ያለው ፍጡር በድንገት መገተሩን ነው። ስለዚህ አደጋውን መፈለግ ይጀምራል። ጆሮው ይቆማል፣ አንገቱ ከፍ ይላል። እናንተ ደግሞ አንገቱ ከፍ ሲል የባሰ ትጨብጣላችሁ። እንዲህ እየተቀባበላችሁ ትቀጥላላችሁ።

ይህን በሙከራ ያሳዩ አሉ። በ2009 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የስዊድን ተመራማሪዎች ጥናት ሰዎች ፈረስ እየሳቡ ወይም ፈረስ ላይ ተቀምጠው 30 ሜትር እንዲሄዱ አደረገ። መንገዱን አራት ጊዜ ነው የተመላለሱበት። የሰውም የፈረሱም የልብ ምት ይለካ ነበር። ከአራተኛው ጉዞ በፊት ለሰዎቹ “አሁን ስታልፉ ጃንጥላ በድንገት ይከፈታል” ተባሉ። ጃንጥላው አልተከፈተም። ቢሆንም የሰዎቹ ልብ ምት ጨመረ፤ የፈረሶቹም አብሮ ጨመረ። ፈረሶቹ ስለ ጃንጥላው የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ሌላም የታየ ነገር አለ፦ የተቀመጡት ሰዎች ከተነገራቸው በኋላ ዛቡን አሳጥረው ያዙ። እኔ ከጥናቱ ሁሉ የምወደው ይህችን ነጥብ ነው። ፍርሃት በሐሳብ ብቻ አልቀረም። እጅ ላይ ወጣ።

ከእጅ ሌላ የሚወጣባቸው ቦታዎችም ይታወቃሉ። ዋናው ጉልበት ነው። ጉልበት ኮርቻውን ሲጨብጥ መቀመጫ ወደ ላይ ይገፋል፤ ሰውዬው ይበልጥ ሊይዝ ሲል ይበልጥ ከኮርቻው ይነሳል። በዚያ ላይ ለፈረስ የእግር ጥብቀት ሂድ ማለት ነው። እግሩ ሂድ፣ እጁ ቁም የሚለው ፈረስ የቱን ይስማ? ሁለተኛው ጎንበስ ማለት ነው። የፈራ ሰው ሆዱን ለመሸፈን ወደፊት ይታጠፋል። ክብደቱ ወደ ፈረሱ ትከሻ ሲሄድ ፈረሱ ብዙ ጊዜ ይፈጥናል፤ ድንገት ሲቆም ደግሞ ሰውዬው የሚወድቀው በፈረሱ አንገት በኩል ወደፊት ነው። ሦስተኛው ዓይን ነው። የፈራ ሰው የፈረሱን ጋማ ወይም መሬቱን ያያል። ጭንቅላት ከባድ ነገር ነው፤ ወደ ታች ሲል ጀርባንም ይዞ ይወርዳል።

እዚህ ላይ ስለ ባህላችን ትንሽ ልበል። እኛ ጋ ፈረስና ጀግንነት አንድ ላይ የተሰፉ ናቸው። ነገሥታቱ እንኳ በፈረስ ስማቸው ነው የሚጠሩት፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ ስትሄዱ የምታገኟት እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓላቸውን ሲያከብሩ ያየ ሰው፣ ፈራሁ ብሎ ለመናገር አፉን አይከፍትም። ያምራላ! ግን እነዚያ ፈረሰኞች ብዙዎቹ ከልጅነታቸው ጀምረው ያለ ኮርቻ እየወጡ ያደጉ ናቸው። መቀመጫቸውን የተማሩት ከመፎከራቸው በፊት ነው። ከተሜው ግን ፉከራውን መጀመሪያ ይፈልጋል። “ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም” ይባል የለ? ድፍረትም እንደዚሁ ነው፤ ኮርቻ ላይ ያወጣችኋል፣ ሚዛን ግን አይሰጣችሁም።

የድሮው እርካብ ራሱ የሚያስተምረው ነገር አለው። በአገራችን በቀደመው ጊዜ ብዙ ፈረሰኞች ባዶ እግራቸውን ሆነው የእግር አውራ ጣት ብቻ የሚገባበት ትንሽ እርካብ ነበር የሚጠቀሙት። በአንድ ጣት ላይ ሙሉ ክብደት ጥሎ መቆም አይመችም። ስለዚህ ሚዛኑ ከዳሌ መምጣት ነበረበት። በአውሮፓም ወደዚያው የሚወስድ ልማድ አለ። ቪየና ያለው የስፔን የግልቢያ ትምህርት ቤት ጀማሪዎቹን ረጅም ጊዜ ያለ ዛብና ያለ እርካብ ያለማምዳል። አሠልጣኙ ፈረሱን በረጅም ገመድ ይዞ ያዞራል፤ ተማሪው መቀመጥ ብቻ ነው ሥራው።

ይህን ባሕር ዳር አካባቢም ማድረግ ይቻላል። ገር የሆነ፣ ሰው የለመደ ፈረስና ፈረሱን የሚያውቅ አንድ ሰው ይበቃል። ሰውዬው በእግሩ እየሄደ ይስባል፣ እናንተ ትቀመጣላችሁ። ቦታው ከአስፋልት የራቀ ሜዳ ይሁን። ሰዓቱ ጠዋት ቢሆን ይሻላል። ከሰዓት በኋላ የጣና ነፋስ ሲነሳ ደንገሉ ይንሿሿል፣ ፌስታል ይበራል፣ ውኃውም ያብረቀርቃል። ለጀማሪ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። የባጃጅ ጥሩምባ ካለበት መንገድማ ጨርሶ ራቁ።

ከመውጣታችሁ በፊት ቤት ውስጥ አንድ ነገር ሞክሩ። ዱካ ወይም ጠንካራ ወንበር ላይ መዳፋችሁን ከሥር አድርጋችሁ ተቀመጡ። ሁለት አጥንቶች መዳፋችሁን ሲጫኑ ይሰማችኋል። የመቀመጫ አጥንቶች ናቸው። ጎንበስ ስትሉ፣ ወደ ኋላ ስትለጠጡ ቦታቸው ይለወጣል። ቀጥ ብለው ወደ ታች የሚጫኑበትን ቦታ ያዙ። ኮርቻ ላይ የምትፈልጉትም ያንኑ ነው።

አሁን ፈረሱ በቀስታ ይራመድ። ዛቡን ተዉት፣ አንድ እጃችሁ የኮርቻውን ፊት ይያዝ። ዓይናችሁን ጨፍኑ። ፈረስ ሲራመድ ጀርባው ዝም ብሎ አይሄድም። የግራ የኋላ እግሩ ተነስቶ ወደፊት ሲመጣ ሆዱ ወደ ቀኝ ይወዛወዛል፤ የእናንተም የግራ መቀመጫ አጥንት ዝቅ ይላል። ከዚያ በተራው የቀኙ። ዝቅ ያለ ሲመስላችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ “ግራ”፣ “ቀኝ” በሉ። የሚስበው ሰው እግሩን እያየ ልክ ነው፣ ልክ አይደለም ይበላችሁ። መጀመሪያ ላይ ትገምታላችሁ። ቆይቶ አንድ ጊዜ ትክክል ይሆናል፣ ከዚያ ይጠፋል፣ እንደገና ይመጣል። የቅድሙ ስሜት የሚባለው ነገር የሚለመደው እንዲህ ነው። ሌላም ጥቅም አለው፦ አእምሮ ግራና ቀኝ እየቆጠረ ስለ መውደቅ ለማሰብ ጊዜ አያገኝም።

ትንፋሽስ? ወደ ውጪ የምታስወጡትን ከምታስገቡት አስረዝሙት። ትንፋሽ ሲወጣ የልብ ምት ዝግ ይላል፤ ይህ የሰውነታችን አሠራር ነው። “ተንፍስ” ሲባል ይበልጥ የሚጨናነቅ ሰው ካለ ዘፈን ያንጎራጉር ወይም ፈረሱን ያናግረው። እያንጎራጎረ ትንፋሹን የሚይዝ ሰው የለም። ፈረሱ ራሱ በአፍንጫው ረጅም ትንፋሽ ሲያስወጣና አንገቱን ዝቅ ሲያደርግ ልብ በሉ፤ እሱም እየተረጋጋ ነው።

ጉልበትን ለማላቀቅ ደግሞ እግራችሁን ከእርካብ አውጥታችሁ አንጠልጥሉት፣ ቁርጭምጭሚታችሁን አዙሩት። እርካብ ስትመልሱ የውስጥ እግራችሁ የፊተኛው ክፍል ብቻ ይግባ፤ ተረከዝ ትንሽ ዝቅ ይበል። ሰንደል ጫማ አድርጋችሁ አትውጡ። እግር አልፎ ገብቶ ሲወድቁ መጎተት ከመውደቁ የከፋ ነው። ሄልሜትም ልበሱ፤ ማን ይስቅብኛል የምትሉ ከሆነ ይሳቅባችሁ።

ዓይን ሲከፈት ሩቅ ይይ። ቤዛዊት ኮረብታ አካባቢ ከሆናችሁ ዓባይን፣ ሐይቁ ዳር ከሆናችሁ ማዶውን።

ብዙ ሰው የሚፈራው “ቢፈረጥጥስ?” የሚለውን ነው። ለዚህ መልስ መኖሩ ራሱ ያረጋጋል። ሁለቱንም ዛብ አጥብቆ መጎተት ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ ፈረስ ከሰው ይበረታል። አንዱን ዛብ ቀስ በቀስ ወደ ራሳችሁ አምጥታችሁ ፈረሱን በክብ አዙሩት፤ ክቡን እያጠበባችሁ ስትሄዱ ፍጥነቱ ይቀንሳል። በኃይል እየሮጠ በድንገት ማጠፍ ግን ሊጥለው ይችላል። ስለዚህ ይህን በርምጃ ላይ እያላችሁ ደጋግማችሁ ተለማመዱት፣ እጃችሁ ያለ ሐሳብ እስኪያውቀው ድረስ።

አንዳንዴ ደግሞ ፍርሃት ልክ ነው። ኮርቻው ሥር ቁስል ያለበት ፈረስ፣ ሲጫን ጆሮውን ወደ ኋላ የሚያስተኛና ለመንከስ የሚዞር ፈረስ፣ የሆዱ ጠፍር የላላ ኮርቻ፣ ባለቤቱ “ትንሽ ያስቸግራል” ያለው ፈረስ። እነዚህ ላይ አትውጡ። ከተማ ውስጥ ጋሪ የሚጎትት ፈረስም መኪና ስለለመደ ብቻ ሰው ለምዷል ማለት አይደለም። ጀርባውን የሚያመው ፈረስ ላይ ደግሞ መቀመጫ መማር አይቻልም፤ ከሕመሙ ለመሸሽ ጀርባውን ስለሚገትር የምትከተሉት እንቅስቃሴ አይኖርም።

ከርምጃ ወደ ሶምሶማ መቼ ይለፍ? ርምጃ አራት ምት አለው፤ አራቱም እግሮች በየተራ ነው የሚያርፉት። ሶምሶማ ሁለት ነው፤ የፊትና የኋላ እግር በሰያፍ አብረው ስለሚያርፉ ወደ ላይ ያነጥራል። ደንገላሳ፣ ከሶምሶማ የፈጠነው ሩጫ፣ ሦስት ነው። ለጀማሪ የሚከብደው ከሁሉም ሶምሶማው ነው፤ ብዙዎች ደንገላሳ ላይ ሲደርሱ ይገርማቸዋል፣ የበለጠ ይመቻል። ሰጋር በቅሎ ያላቸው ሰዎች ከዚህ ሁሉ ነጻ ናቸው፤ ሰጋር ስለማታነጥር ሽማግሌዎች የሚመርጧት በከንቱ አይደለም። ፈረስ ይዛችሁ ግን፣ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ “ግራ፣ ቀኝ” ሳትሳሳቱና ትንፋሽ ሳትይዙ መሄድ ስትችሉ ጥቂት ርምጃ ብቻ በሶምሶማ ሞክሩ። ጉልበታችሁ መልሶ መጨበጥ ሲጀምር ወዲያው ወደ ርምጃ መልሱት፣ ተንፍሱ፣ ዳሌያችሁ ሲላቀቅ ድገሙት።