ፊዚዮቴራፒ፦ ከጨቅላነት እስከ እርጅና

ፊዚዮቴራፒ ሕመምን ለማስታገስ፣ የደከመ ጡንቻን ለማጠንከር፣ የደረቀ መገጣጠሚያን ለማላላትና የጠፋ የመንቀሳቀስ ችሎታን ለመመለስ የሚሠራ የሕክምና ሙያ ነው። ብዙ ሰው ከማሸት ለይቶ አያየውም። ማሸት፣ ሙቀት፣ ቅዝቃዜና የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች በሕክምናው ውስጥ ቦታ አላቸው፤ ይሁን እንጂ ታካሚው ተኝቶ የሚቀበላቸው ነገሮች ስለሆኑ ረዳት እንጂ ዋና አይደሉም። ዋናው ሕክምና ታካሚው ራሱ፣ በባለሙያው ምርመራና ምሪት፣ ቀን በቀን ደጋግሞ የሚሠራው እንቅስቃሴ ነው።

የሙያውን ጅማሬ እ.ኤ.አ. በ1813 ፔር ሄንሪክ ሊንግ በስቶክሆልም ካቋቋመው የጂምናስቲክ ተቋም ጋር የሚያያይዙት ብዙዎች ናቸው። በ1894 በእንግሊዝ አራት ነርሶች የማሸት ሙያን መልካም ስም ለማስጠበቅ ማኅበር መሠረቱ። ሙያውን ለዛሬው ቁመናው ያበቁት ግን የአንደኛው የዓለም ጦርነት ቁስለኞችና ደጋግሞ የተነሣው የፖሊዮ ወረርሽኝ ናቸው። በፖሊዮ የሰለለ እግር ወይም እጅ በዚያ ዘመን በጄሶና በስንጥር ታስሮ ለወራት እንዳይንቀሳቀስ ይደረግ ነበር። አውስትራሊያዊቷ ነርስ ኤልዛቤት ኬኒ ማሰሪያውን አስወግዳ የታመመውን አካል በሙቅ የሱፍ ጨርቅ እየጠቀለለች ማንቀሳቀስ ስትጀምር ሐኪሞች አጥብቀው ተቃወሟት። ስለ በሽታው ጠባይ የሰጠችው ማብራሪያ ዛሬም ተቀባይነት የለውም፤ ሽባ የሆነን አካል አስሮ ከማስቀመጥ ማንቀሳቀስ ይሻላል የሚለው አቋሟ ግን ጸንቶ ቆይቷል። በ1951 የየአገሩ የፊዚዮቴራፒ ማኅበራት በኮፐንሃገን ተሰብስበው ዓለም አቀፍ ኅብረት አቋቁመዋል።

በጨቅላነት ዕድሜ ከሚታዩት ችግሮች አንዱ የአንገት መጣመም ነው። በአንድ ወገን ያለው የአንገት ጡንቻ በማጠሩ የሕፃኑ ራስ ወደዚያው ያዘነብላል፣ አገጩም ወደ ተቃራኒው ይዞራል። ሕክምናው ጡንቻውን በቀስታ መሳብና ሕፃኑ ዘወር ማለት ወደሚያስቸግረው ወገን በፈቃዱ እንዲመለከት ማድረግ ነው፤ እናት በዚያ በኩል ሆና ስትጠራው ልምምዱ በጨዋታ መካከል ይከናወናል። በቶሎ ሲጀመር ውጤቱ ያማረ ነው። ቆልማማ ሆኖ የተወለደ እግር በፖንሴቲ ዘዴ በየሳምንቱ በእጅ እየተቃና በጄሶ ይታሰራል። ከዚያም ልዩ ጫማ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያ በኋላ በእንቅልፍ ጊዜ እስከ 4 ዓመት ገደማ ይደረጋል፤ እግሩ ተመልሶ የሚቆለመመው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ጫማ ሲተው ነው። ሴሬብራል ፓልሲ፣ ማለትም በማደግ ላይ ባለ አንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር፣ ባለባቸው ልጆች በአንጎል ላይ የደረሰውን ጉዳት ፊዚዮቴራፒ አያጠፋውም፤ ልጁ እንዲቀመጥ፣ እንዲቆም፣ እንዲጫወት የሚያስችለውን መንገድ ግን ይፈልጋል። በዚህ ረገድ ለረጅም ጊዜ የገነነው፣ ባለሙያው የልጁን አካል በእጁ እየያዘ እንቅስቃሴውን የሚመራበት የቦባት ዘዴ በጥናት የሚገባውን ያህል አልተደገፈም ተብሎ ይተቻል፤ ቢሆንም የልጅን እንቅስቃሴ በጥንቃቄ መመልከትን ለብዙ ባለሙያዎች ያስተማረ ዘዴ ነው።

በጉርምስና ዕድሜ በብዛት የሚታዩት የስፖርት ጉዳቶች ናቸው።

ለጎልማሶች ዋናው ችግር የወገብ ሕመም ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች ይህ ሕመም እንደነበረባቸው ተገምቷል። ቀድሞ የሚታዘዘው የአልጋ ዕረፍት ዛሬ አይመከርም፤ ታካሚው የሚችለውን ያህል እየተንቀሳቀሰ የዕለት ሥራውን እንዲቀጥል ይበረታታል። ሕመሙ እግርን ከማዝለፍለፍ፣ ሽንትን ወይም ሰገራን ለመቆጣጠር ካለመቻል ጋር ከመጣ ግን በአስቸኳይ ሐኪም ዘንድ መቅረብ ያስፈልጋል። ብዙ ሴቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር ተያይዞ የሚመጣውን የሽንት ማምለጥ አፍረው ይደብቁታል፤ ሕክምናው ግን ቀላል ነው። ሽንት እንደሚይዝ ሰው የዳሌን ወለል ጡንቻ ወደ ላይ ስቦ ጥቂት ሰከንድ መያዝ፣ ከዚያም ፈጽሞ መልቀቅ ነው። ይህም በአንድ ጊዜ ቢያንስ 8፣ በቀን 3 ጊዜ ለ3 ወራት ይሠራል፤ መሻሻሉ በሳምንት ውስጥ ስለማይታይ ልምምዱን አለማቋረጥ ይገባል።

ስትሮክ የባለሙያው ችሎታ በጉልህ የሚታይበት ነው። ከወንበር መነሣት ለጤነኛ ሰው የማይታሰብ ነገር ነው፤ ግማሽ ጎኑ ለደከመ ሰው ግን በክፍል በክፍሉ የሚማረው ሥራ ነው። ወደ ወንበሩ ጫፍ ይጠጋል፣ እግሮቹን ከጉልበቱ ትንሽ ወደ ኋላ ይስባል፣ ደረቱን ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ክብደቱ እግሩ ላይ ሲያርፍ ይነሣል። ባለሙያው በደከመው ወገን ቆሞ ጉልበቱ እንዳይከዳው ይደግፈዋል። ታካሚውን ፈጥኖ ማስነሣት ሁልጊዜ ይሻላል የሚለው እምነት እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ሰፊ ጥናት ታርሟል፤ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት የሚደረግ ብዛት ያለው እንቅስቃሴ ውጤቱን የከፋ አድርጎት ተገኝቷል። ሙያው የራሱን እምነት እንዲህ መፈተኑ ሊነገርለት ይገባል።

በእርጅና ዘመን የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ሰው መራመድ ጉልበቱን የሚፈጀው ስለሚመስለው ይቀመጣል፤ የጭን ጡንቻው ይሟሽሻል፣ ሕመሙም ይብሳል። ጭንን ማጠንከር ይህን አዙሪት ይሰብራል። መውደቅን በተመለከተም ሚዛንንና የእግርን ጥንካሬ የሚያዳብር ልምምድ የመውደቅን ቁጥር በ23 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ተረጋግጧል። የመውደቅ ሥጋት የሚለካበት አንዱ መንገድ ቀላል ነው፦ አዛውንቱ ከወንበር ተነሥተው 3 ሜትር ተራምደው፣ ዞረው ተመልሰው ይቀመጣሉ፤ 12 ሰከንድና ከዚያ በላይ ከወሰደባቸው ጥንቃቄ ያሻል። ምርኩዝ የሚያስፈልጋቸው ከሆነ ቁመቱ ቆመው እጃቸውን ወደ ታች ሲለቁ እስከ እጅ አንጓቸው የሚደርስ መሆን አለበት፤ የሚያዘውም በታመመው እግር በኩል ሳይሆን በጤነኛው ወገን ባለው እጅ ነው፤ ከታመመው እግር ጋር አብሮ ወደ ፊት ይወሰዳል።